ከምሰሶው አጠገብ የቆመው ሰው

ኸይረዲን በልጁ ሰርግ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከጅምር ፎቁ ሰገነት ወድቆ ሞተ። የሰርጉ ዳስ ሳይፈርስ የለቅሶ ዳስ ሆነ። ቀብሩ ሦስት ቀን ቢያልፈውም የቆቦ ከተማ አልተረጋጋችም። ሚስቱ ጀዊሪያ «የገፋው ክብሮም ነው» ስላለች ነጋዴው ክብሮም ታስሯል፤ ሱቁም በድንጋይ ተደብድቧል።

«ሰገነቱ ላይ ተጨቃጭቀናል፤ አልካድኩም» ብሏል ክብሮም። «ስወርድ ግን ወንድሙ ኑሀ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተላለፍን።»

መርማሪዋ ራዊያ በአንድ የሰርግ እንግዳ ስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለኑሀ አሳየችው። የሟቹ ወንድም ኑሀ ማሽላው በውሃ እጦት የደረቀበት ገበሬ ነው።

«ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ፣ ነጭ የለበሰው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ስጨፍር አይታይዎትም? ወዲያው ነው ጩኸቱ የተሰማው።»

ራዊያ አላረፈችም። ቪዲዮውን ለኮምፒውተር ባለሙያዋ ለኤደን ወሰደችላት።

«ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው እየተራመደ ነው» አለች ኤደን። «ቅርብ ያለው ነገር ቶሎ ይንሸራተታል፣ ሩቅ ያለው ቀስ ይላል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ተነስቶ ሁሉንም በየቦታው ያቆመዋል፤ እየተንቀሳቀሱ፣ በፈለግሽው ጎን ዞረሽ ታያቸዋለሽ።»

«ምስሉ ላይ ያለው ይህ ጭጋግስ?»

«ካሜራው ያላየው ነው። ግምት ስለሆነ አትመኚው።»

ራዊያ ጭጋጉን ትታ ምሰሶው ላይ አፈጠጠች።

በማግስቱ ጠዋት ጀዊሪያንና ኑሀን ጨምሮ ሁሉንም ዳሱ ውስጥ ሰበሰበች፤ ክብሮም ካቴና እንዳጠለቀ መጣ። ኤደን ምስሉን ወደ ጎን አዞረችው። ምሰሶው ባለበት ቀረ፤ ነጭ ለባሹ ግን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ።

«እግሩን ጨፋሪው ስለጋረደው ዳስ ውስጥ ያለ መሰለን» አለች ራዊያ። «ያለው ግን የፎቁ የውጭ ደረጃ ላይ ነው። ትከሻው የሚወዛወዘው ሲጨፍር አይደለም፣ ደረጃ ሲወጣ ነው። ይህ ጥቁር ባርኔጣ የክብሮም ነው፤ ወደ ግቢው በር እየራቀ ነው። የመውደቁ ድምፅ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ብቻ አላመንኩም፤ ቪዲዮውን የቀረጸውን ሰው በቦታው መልሼ አንድ ፖሊስ ደረጃው ላይ አቆምኩ። ፖሊሱ ቪዲዮው ላይ ካለው ነጭ ለባሽ እኩል ሆኖ ታየ። ምሰሶው ጋ ሲቆም ግን ገዝፎ ታየ። ነጭ ለባሹ እኔ ነኝ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ኑሀ።»



«የመስኖውን ውሃ ዘጋብኝ» አለ ኑሀ። «አንድ ቀን ልቀቅልኝ ብዬ ለመንኩት። በልጄ ሰርግ አታዋርደኝ አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። እንዲሞት አላሰብኩም፣ ወላሂ።»

የክብሮም ካቴና ተፈታ። ጀዊሪያ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«አፉ በለኝ፣ ክብሮም።»

ክብሮም ቀና ብሎ አላያትም።

«ወዳጄ ነበር» አላት። «ሳልቀብረው አስቀራችሁኝ።»