ግማሽ ቁና ለሩብ ሲካፈል

የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ፈንታነሽ ሣህለ ማርያም አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ በቢቸና ትምህርት ቤት በሰባተኛ ክፍል ውስጥ የሌላ ልጅ የፈተና ወረቀት ከፊቷ ዘርግታ፣ ላጲስ በእጇ ይዛ ቆማለች። የክፍሉ አለቃ ስለሆነች የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የሚቀመጠው እርሷ ዘንድ ነው።

«ቀስ እያልሽ ፈግፍጊው፤ ብራና አይደለም፣ ይቀደዳል» አላት የክፍል ጓደኛዋ ያየህ። ላጲሱ የእርሱ ነው፤ ሐሳቡም የእርሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቀን በፊት ነው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሰው ትምህርት እንዴት ቢሰጥ ይሻላል የሚለውን ለማጥናት ከአዲስ አበባ መጥተው፣ የቢቸናንና የሞጣን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ዓይነት የሒሳብ ጥያቄ ይፈትኑ ነበር። ስማችሁን አትጻፉ አሉ። የማታውቁትን ያወቃችሁ አታስመስሉ፤ እኔ የምፈልገው ትምህርቱ የት ላይ እንደሚሰናከል ነው አሉ። ከዚያም አርባ አንዱን ወረቀት በሲባጎ አስረው በቁም ሳጥኑ አስቆለፉና፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብለው ወደ የጁቤ ሄዱ።

ያመናቸው ተማሪ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረቀት ይዘው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው ስለ መሬት የጠየቁ ሰዎች ምን ያህል ግብር እንዳስከተሉ በየቤቱ ሲነገር የሰሙ ልጆች ናቸው። ያየህም፣ «የማታውቁትን ንገሩኝ የሚል ሰው ደግ ይዞ አይመጣም፤ ቲቸርን ሊያስነሱብን ነው» አለ።

ቲቸር ያላቸው መምህር ወልደ ኪዳንን ነው። የሠለጠኑት አማርኛ ለማስተማር ነበር። የሒሳቡ መምህር ተዛውሮ ምትክ ሲጠፋ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ከሚቀሩ ብለው ሸክሙን ራሳቸው ተቀበሉ። ትምህርት ያልገባውን ተማሪ አይገርፉም፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ከጎኑ ተቀምጠው እስኪገባው ያስረዱታል። እርሳቸው ቢነሱ በምትካቸው ማን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ሲባጎው ሲፈታ ሁለቱም ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ቆሙ። ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ስንት ነው ይላል። ከአራት ልጆች በቀር ሁሉም «ግማሽ» ብለዋል፤ መምህሩ ያስተማሯቸው ፊተኛውን ክፍልፋይ ገልብጦ ማባዛት ነበርና።

«ይኼስ አይነካም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከጻፈ ልክ ነው ማለት ነው» አለ ያየህ።

ፈንታነሽ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ገበያ ላይ እህል ስትሰፍር ከጎኗ ያደገች ናት፤ ግማሽ ቁና ጤፍ፣ የቁናውን ሩብ የሚይዘውን ጣሳ ሁለት ጊዜ እንደሚሞላ እጇ ያውቀዋል። መልሱ ሁለት ነው። ይህንንም ትምህርቱ በተሰጠበት ቀን ዐውቃው ነበር፤ መምህሯን ማሳፈር መስሏት ዝም አለች።

ሠላሳ ሁለት ወረቀት እየፋቁ አስተካከሉ። እንዳይታወቅ ብለው አምስቱን ከነስህተታቸው ተዉአቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ወረቀቱን ወስደው ከሄዱት ከአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከሞጣ ደብዳቤ መጣ። መምህር ወልደ ኪዳን ክፍል ውስጥ ቆመው አነበቡት። ዘጠነኛውን ጥያቄ በሞጣ ከሠላሳ ስምንት ተማሪ አምስቱ ብቻ ሲመልሱት፣ በቢቸና ከአርባ አንድ ሠላሳ ስድስቱ መልሰውታል። ስለዚህ መምህሩ ሰኞ ዕለት ወደ ሞጣ መጥተው፣ ይህንን እንዴት እንዳስተማሩ ለመምህራኑ በሰሌዳ ላይ እንዲያሳዩ በአክብሮት ተጠይቀዋል።

ክፍሉ አጨበጨበ። ያየህም አጨበጨበ፤ ከዚያ እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ዞሮ ፈንታነሽን አያት። በሰው አገር፣ በመምህራን ፊት፣ መምህራቸው ያንኑ ስህተት በኩራት ሊጽፉት ነው።

ፈንታነሽ ብትናገር ቁልፉን አሳልፋ የሰጠች አለቃ ናት፤ መባረር ሊመጣ ይችላል። ዝም ብትል ደግሞ የሚዋረዱት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ምሽት አባቷን፣ የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ሣህለ ማርያምን፣ ስም ሳትጠራ ጠየቀቻቸው፤ ደቀ መዝሙር መምህሩ ሲስት ቢሰማ ምን ይላል?

«ተሳስተዋል አይልም» አሉ መሪጌታ። «‹የኔታ፣ ይድገሙልኝ› ይላል። በሁለተኛው ካልሰሙት በሦስተኛው ራሳቸው ይሰሙታል።»

«ካልሰሙትስ?»

«እንግዲያው ደቀ መዝሙሩ አጠያየቅ አያውቅም» አሉና ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከደወል በኋላ መምህር ወልደ ኪዳን ለሰኞ ሲለማመዱ ደረሰች። አንገታቸው ላይ ከረቫት አለ፤ እጃቸው በጠመኔ ነጥቷል። ቁናና ጣሳ ይዛ መግባቷን ልብ አላሉትም።

«ቲቸር፣ ዘጠነኛውን ይድገሙልኝ።»

ደስ እያላቸው ደገሙላት። ፊተኛው ተገለበጠ፣ ተባዛ፣ ግማሽ ሆነ። ዳግመኛ እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። በዚህኛው ጠመኔው ቀስ አለ፤ ግማሽ ብለው ከጻፉ በኋላም እጃቸው ከሰሌዳው ቶሎ አልወረደም። ያን ጊዜ ግማሽ ድረስ ገብስ የያዘውን ቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የቁናውን ሩብ የሚይዘውን ጣሳም ከጎኑ።

«ሦስተኛውን በዚህ ይድገሙልኝ» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አልተሰማም።

ሰፈሩ። አንድ። እንደገና ሰፈሩ። ሁለት። ቁናው ባዶ ሆነ።

መምህሩ ሄደው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈንታነሽ ቆማ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ላጲሱ፣ ስለ ሠላሳ ሁለቱ ወረቀት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁልፉንም አውጥታ ፊታቸው አኖረች። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መሰላት። ቀና ሲሉ ግን ይስቁ ነበር፤ ገደል አፋፍ ላይ እግሩ ተንሸራቶ ቁጥቋጦ የያዘ ሰው እንደሚስቀው።

«ያንን ትምህርት ብቻዬን ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር፤ የምጠይቀው ሰው አጣሁ» አሉ። ቁልፉን መልሰው ሰጧት። «ሰኞ አባትሽ ከፈቀዱ ትመጫለሽ። ጣሳውን እንዳትረሺ።»

ሞጣ የሄዱት ግን ሦስት ሆነው ነው፤ ያየህ፣ ላጲሱ የእኔ ነው ብሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የመጡበትን ጉዳይ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ልጆቹ የሚመጣውን ቁጣ ጠበቁ። ሰውዬው ግን ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ሠላሳ ሁለቱም ወረቀት ተፍቆ እንደ ተጻፈ አይተው ኖሯል።

«እኔኮ ተማሪዎችዎ መልሳቸውን ሁለት ጊዜ እንዲመረምሩ ያስለመዷቸው መስሎኝ ነበር፤ በሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ» አሉና፣ ያንን ገጽ ከደብተራቸው ገንጥለው ለያየህ ሰጡት። «ይኸውልህ፣ ይኼንንም ፋቀው።»

ከዚያ በኋላ መምህር ወልደ ኪዳን ስህተታቸውን ራሳቸው በሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ የሞጣን መምህራን ተራ በተራ በጣሳ አሰፈሯቸው።

በሳምንቱ ቢቸና ላይ አዲስ የፈተና ወረቀት ታደለ። ፈንታነሽ ዘጠነኛውን መለሰች፣ ዐሥረኛውንም። ዐሥራ አንደኛው ላይ የጻፈችው ልክ እንዳልሆነ ጠረጠረች፤ የቱ ጋ እንደሳተች ግን አላወቀችም። ከጎኗ ያለችው አየሁሽ ሌላ መልስ ጽፋለች፤ ወረቀቷም ይታያል። ያየህ ከኋላዋ ላጲሱን በትከሻዋ ላይ አቀበላት።

ተቀበለችው። ከኪሷ ከተተችና መልሷን እንዳለ ትታ ወረቀቷን አስረከበች።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ስለ ቀኑም ሆነ ስለ ወረቀቱ ቁጥር እዚህ የተሳተ ነገር ካለ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የሚያስታውስ አንባቢ ያርመው፤ ልኩን ከጎኑ ይጻፍ እንጂ የተጻፈውን አይፋቀው።