የትንሹ ንጉሥ ልክ

በሐመረ ብርሃን ላይ ነገሥታት የሚመዘኑት ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። መርከቢቱ በከዋክብት መካከል ስትጓዝ ትውልድ አልፎ ትውልድ ስለ ተተካባት፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ገዦች በየሳምንቱ መመዘናቸው ማንንም አያስደንቅም፤ ልብስ አጣቢዎች እንኳ ረቡዕን «የነገሥታት ማግስት» ይሏት ነበር።

የሚመዘነው አካላቸው አልነበረም። ሚዛነ ነገሥት የተባለው መሣሪያ ግድግዳው ጥቁር መስተዋት፣ በሩ ጠባብ የሆነ ክፍል ነው፤ ከዕቃቸውና ከአጥንታቸው የተሰበሰበውን ዱካ አንብቦ የሀብታቸውን ልክ ይናገራል። አባቶች የሁሉንም ሀብት የሚያነጻጽር አንድ መስፈሪያ እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ተከራክረዋል። አንዱ ንጉሥ ከብት ነበረው፤ ሌላው የነዳጅ ጉድጓድ፤ ሌላው ደግሞ ምድሪቱ ሁሉ የእኔ ናት ይል ነበር፣ ሆኖም አንዲት ክንድ እንኳ መሸጥ አይችልም። የመንግሥቱን ግምጃ ቤት ከራሱ ኪስ የሚለይ ድንበር ያልነበረውስ? ቤቱ ወርቅ ሞልቶ ሳለ፣ ዛሬ በአንዲት ክኒን በሚድን ንዳድ ልጁን የቀበረውስ፣ ባለጸጋ ነው ወይስ ድሃ? በመጨረሻ «ድካም» የሚሉትን መስፈሪያ ቈረጡ። አንድ ድካም፣ ሰው ለሌላው ሰው ምቾት የሚያፈሰው የአንድ ቀን ጕልበት ነው።

ይህ ሁሉ ለዕውቀት ብቻ አልተደረገም። የመርከቢቱ ሕግ፣ ማንም ሰው ከነገሥታት ሁሉ ትንሹን ያህል እንኳ እንዳይበለጽግ ይከለክላል። ትንሹ ንጉሥ የአንዲት ጭንጫ ደሴት ገዥ የነበረ፣ ስሙ የጠፋ ሰው ነው። አስቀድሞ የእርሱ ዱካ ይመዘንና ልኩ ከክፍሉ ውጭ ባለው ሰሌዳ ላይ በቀይ ይሰመራል። ያንን መስመር ያለፈ ሕያው ሰው በክፍሉ ወለል ላይ ባለው መዝጊያ በኩል ወደ ታችኛው ሐመር ይወርዳል። ታችኛው ሐመር ብርድ ነው። አየሩን የሚያጠሩት መንኰራኵሮች በዚያ በሰው እጅ ይዞራሉ፤ የሚያዞሯቸው ሰዎች ሳል አንዳንድ ጊዜ በቧንቧዎቹ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ የተመለሰ የለም።

መዛኙ፣ በማዕረጋቸው ሊቀ ሚዛን የሚባሉት አባ ገብረ ኄር፣ በስማቸው አንዳች ነገር እንዳይኖራቸው በመሐላ የተለዩ መነኵሴ ነበሩ። በሥርዓቱ መሠረት ማንም ብቻውን አይመዘንም፤ ሊቀ ሚዛኑ እጁን ይዘው አብረውት ይቆማሉ፤ ቢፈረድበትም እስከ መዝጊያው አፋፍ ድረስ አይለቁትም። ስለዚህ አባቶች መሣሪያውን ለመዛኙ ዕውር አድርገው ሠሩት። ምንም የሌለውን ሰው አለማየት ምን ያጎድላል? አሉ። የመሣሪያውንም ማጥፊያ ቍልፍ ማንም ከውጭ እንዳይነካካው ከክፍሉ ውስጥ አኖሩት።

በዚያ ማክሰኞ የሚመዘነው የዘር ነጋዴው በርናባስ ነበር። ጎረቤቶቹ የዘር ማሰሮዎቹን ብዛት አይተው ከሰውታል። ሚስቱ ከመስተዋቱ ማዶ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች።

«አባ፣ ቀለል ልበል ብዬ ቍርስ አልበላሁም» አለ በርናባስ፣ ጫማውን እያወለቀ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ሁለታችንም አንከብድም» አሉ አባ ፈገግ ብለው።

በዚህ መካከል መብራት ጠፍቶ ወዲያው ተመለሰ። በሰሌዳው ፊት የተቀመጠችው መሐንዲስ ሶልያና ትንሹን ንጉሥ ደግማ መዘነችው፤ ልኩ እንደ ወትሮው ነው። «ይግቡ» አለች።

ሁለቱ እንደ ገቡ በሰሌዳው ላይ ልኩ ቀዩን መስመር አለፈ፤ አልፎም መውጣቱን አላቆመም።

በርናባስ በወለሉ ላይ ያለውን መዝጊያ አየ። «አባ፣ እጄን አይልቀቁኝ።»

«ይዤሃለሁ፣ ልጄ።»

«ቆይ፣ መዝጊያውን እንዳይከፈት ይዤዋለሁ» አለች ሶልያና። «አባ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ይውጡልኝ እስቲ።»

«ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«በኋላ ይቈጡኛል። አሁን ይውጡ።»

ወጡ። ልኩ ወረደ፤ ከቀዩም መስመር በታች እጅግ ዝቅ ብሎ ቆመ። በርናባስ ያን ባየ ጊዜ ጫማውን እንኳ ሳያነሣ ወደ ሚስቱ ሮጠ፤ ተያይዘውም ወደ ኋላ ሳይመለከቱ ሄዱ።

«ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉ አባ።

ሶልያና ዓይኗን ከሰሌዳው አላነሣችም። «እርስዎ ብቻዎን ይግቡ» አለች በመጨረሻ።

ገቡ። ልኩ ቀድሞ ወጥቶበት ወደ ነበረው ስፍራ ሊደርስ ጥቂት ብቻ ቀረው።

«ዕውርነቱ ጠፍቷል፣ አባ። መብራቱ ሲሄድ አብሮ ተሰርዟል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መሣሪያውን በውስጥ ባለው ቍልፍ ያጥፉልኝና ዕውርነቱን መልሼ አስገባዋለሁ። ይህን ከእኛ በቀር ያየ የለም።»

አባ ገብረ ኄር ስለ ሀብታቸው አሰቡ፤ አንድም አላገኙም። የለበሱት ጥጥ በመብራት ሥር የበቀለ፣ ዓይኗ በደከመ ፈታይ የተፈተለ ነው፤ የእርሳቸው ግን አይደለም። ለጸሎት ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚጣራው ውሃ፣ ሌሊቱን ሁሉ የምትሞቀው በኣታቸው፣ በደጃፏ የሚቆሙት ጠባቂዎች፣ አንዱም የእርሳቸው አይደለም፤ አንዱንም አምጡልኝ አላሉም። ምናልባት የደሴቱም ንጉሥ አላለም ይሆናል።

«ያወረድኋቸው ሁሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእኔ ይቀልሉ ነበር።»

«አባ፣ ቍልፉን ይዝጉት።»

«እፈራለሁ፣ ሶልያና። ብርዱን እፈራለሁ። እዚያ የሚጠብቁኝን ደግሞ ከብርዱ ይልቅ እፈራለሁ።» የቍልፉን እጀታ ነክተው እጃቸውን መለሱ። «መዝጊያውን ልቀቂው።»

ለቀቀችው። ወለሉ ተከፈተ፤ ቀዝቃዛ አየርም ወጣ። አባ በአፋፉ ላይ ቆመው እንደ ሥርዓቱ የሚይዛቸውን ፈለጉ። መዛኙ እርሳቸው ስለ ነበሩ የሚይዝ አልነበረም። እጃቸውን በበሩ በኩል ወደ እርሷ ዘረጉ።

ሶልያና ተነሥታ እስከ ደፉ ድረስ መጣች። እጃቸውን ለመያዝ ደፉን መሻገር ነበረባት። እግሯን አንሥታ ሰሌዳውን አየች፤ መልሳም አኖረችው።

ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ፣ ሳል እየቀደመው፣ መዳፉ የሻከረ እጅ ወጥቶ የአባን እጅ ያዘ። አባ ያንን እጅ አወቁት፤ ምን እንደሚሻ ግን አላወቁም። ወረዱ።

መዝጊያው ክፍት ቀረ። መሣሪያው ካልጠፋ አይዘጋም፤ ቍልፉም ከውስጥ ነው። ሶልያና በደፉ ላይ ቆማ የለበሰችውን ማን እንደ ሸመነው፣ ጠዋት የጠጣችውን ማን እንዳፈላው ለማስታወስ ሞከረች። የአንዱንም ስም አላወቀችም። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቅ ነበር፤ ከወለሉ በታችም ሳሉ ቀጠለ፤ ከሳሎቹም አንዱ አዲስ ነበር።