የራምዚ ፍሬን

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሩፋይዳ ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። መጀመሪያ የውኃ ኮዳዋን ረስታ፣ ቀጥሎ ሻርፗን ልትቀይር፣ በሦስተኛው ደግሞ ምን እንደረሳች ረስታ።

አባቷ ጋሽ ሀያቱ በቡታጅራ ገበያ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ቁጭ ብለሽ ቁርስሽን ብትበዪ ምን አለበት?»

«ኢሱዙው እየጠበቀን ነው፣ አባ።»

«ኢሱዙው ይጠብቅ። የነገዎቹ ሰዎች ግን አይጠብቁም። ሸምሶ ከመርካቶ ድረስ ሽማግሌ ልኮ፣ ‹ልጅቷ አላሰበችበትም› ብዬ አልመልሳቸውም። ሱቅ አለው፣ ቤት አለው፣ ስግደቱን አያጓድልም። እሺም እንቢም ያንቺ ነው። ግን ዛሬ ከመግሪብ በፊት ቃልሽን እፈልጋለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አለችና አራተኛ ጊዜ ወጣች።

በሸምሶ ላይ የምትለው ክፉ ነገር የላትም። ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ እያወራ ነበር። ያስቸገራት ሌላ ነው። ያስቸገራት ከመናኸሪያው ማዶ ሳይክል የሚያከራየውና የሚጠግነው ራምዚ ነው።

ሩፋይዳ በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ናት። የትኛው እንደሆነ አይጠየቅ፤ ግምገማ ያመጣል። ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነው፤ ተደራጅቶ ሪፖርት የማያቀርብ ዶሮ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የራምዚን ሪፖርት ልትሰበስብ ትሄዳለች። የአምስት ደቂቃው ሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አገና ገበያ፣ ስለ ሰው ሁሉ አውርተዋል። ስለ ሁለቱ ግን አንድም ቀን።

የዛሬው ጉዞም ቢሆን የእሷ የእጅ ሥራ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት አለቃዋ ጋሽ ሽባባው፣ ከጎጃም መጥተው ሃያ ዓመት ቡታጅራ የኖሩ ደግ ሰው፣ ሪፖርቱን አገላብጠው፣ «ልጄ፣ ትንሽ ሳስቷል። ቱሪዝም የሚል ነገር ጣል አርጊበት» አሏት። ጣለችበት። «በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለው ደን ውስጥ የዘጠኝ ኪሎ ሜትር የተራራ ብስክሌት መናፈሻ ተዘጋጅቷል» ብላ ጻፈች። ወልቂጤ ያሉት የበላዮች በጣም ወደዱት። ከመውደዳቸው የተነሣ ወጣቶች ለአንድ ቀን ሄደው እንዲጎበኙትና ፎቶው እንዲላክ ደብዳቤ ጻፉ።

ይኸው ታዲያ፤ ከእሷና ከራምዚ ጋር አሥራ ሁለት ወጣት፣ አሥራ ሁለት የራምዚ ሳይክል፣ በአንድ ለአምስት ሲደለደሉ ልክ ሁለት ቡድን።

ራምዚ ኢሱዙው ላይ ቆሞ ሳይክሎቹን በገመድ ይጠፍራል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ቀና ሳይል። «ሰማሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ነገ እንግዳ አለባችሁ አሉ።»

«እና?»

ገመዱን አንድ ጊዜ አላስፈላጊ ቋጠሮ ቋጠረው። «እና... ቀይዋን ሳይክል ነው የምትይዢው። ሌላ እንዳትነኪ።»

«ለምን?»

«ቀይ ስለሆነች።»

ሾፌሩ ባዩ ሞተሩን አስነሣ። ሩፋይዳ መንገዱን ሁሉ እግሯን በኢሱዙው ወለል ላይ ስትመታ ሄደች። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ፣ «ሩፊ፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሞተሩ ነው?» እስክትላት ድረስ።

መናፈሻው አንድ ሰማያዊ ታፔላ ነበር። ከታፔላው በስተጀርባ ባሕር ዛፍና ጥድ የተደባለቀበት ደን፣ በደኑ መካከል ሽቅብ የምትወጣ ቀጭን መንገድ። እንጨት የተሸከመች ሴት አህያዋን እየነዳች ወረደችና ቆማ አየቻቸው።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«የብስክሌት መናፈሻውን ልንጎበኝ ነው፣ እናቴ» አሉ ጋሽ ሽባባው ካሜራቸውን እያዘጋጁ።

«የት ነው እሱ?»

«ይኸው፣ ይሄ መንገድ።»

ሴትዮዋ ወደ አህያዋ ዞረች። «ሰማሽ? መናፈሻ ውስጥ ነው ለካ የምትመላለሺው።»

ጋሽ ሽባባው ታፔላው ሥር ቀሩ። ወጣቶቹ ሳይክላቸውን እየገፉ ወጡ፤ ተራራ በሳይክል ይወጣል ያለው ሪፖርቱ ብቻ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በኋላ መንገዷ አለቀች። ቀሪው ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ሩፋይዳ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሌሎቹ ሲያርፉ እሷ መቀመጥ አቃታት። ከጥድ ጥድ ተመላለሰች፤ በመጨረሻም ራምዚ ፊት ቆመች።

«ከመግሪብ በፊት ለአባቴ ቃል መስጠት አለብኝ። ምን ልበል?»

ራምዚ የሳር ቅጠል በጠሰ። ከታች ቡታጅራ ሜዳው ላይ ተዘርግታ፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ያብለጨልጫል። እሱም እሷም ወደዚያ አዩ፤ እርስ በርስ ላለመተያየት ከተማ መቼም ይጠቅማል።

«ሸምሶ ሱቅ አለው» አለ በመጨረሻ።

«እሱን አባቴ ነግሮኛል። አንተን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

ሩፋይዳ ቀይዋን ሳይክል አንሥታ ተቀመጠችባትና ቁልቁል ለቀቀቻት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቡታጅራ የኪራይ ሳይክል የፊት ፍሬን የለውም። አከራዮቹ ራሳቸው ይፈቱታል፣ ተከራዩ ልጅ ድንገት ጨብጦት በመሪው ላይ እንዳይገለበጥ። የኋላው ደግሞ ሲያልቅ የሚቀይረው የለም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ለማቆም የጫማ ሶል ይበቃል። ሁለት ፍሬን ያለው ሳይክል የራምዚ የራሱ ብቻ ነበር፤ የፍሬን እጀታዎቹም በአረንጓዴ ፕላስተር የተጠቀለሉ።

ሩፋይዳ በንዴት ስትወርድ አንድ ጠመዝማዛ መጣባት። ጨበጠች። ሳይክሏ እንደ ተገራ በቅሎ ቀጥ አለች። እጇን አየች። ከጣቶቿ ሥር አረንጓዴ ፕላስተር ነበር።

ገና ሳትተነፍስ ከበላይዋ ጩኸት መጣ።

«ዞር በሉ! ዞር በሉ! ፍሬን የለኝም!»

«ማን አለውና!»

እሷን ተከትለው የተነሡት ሁለቱ አንድ ለአምስቶች ተደበላልቀው ወረዱ። አንዱ ቁጥቋጦ አቅፎ ቆመ፤ አንዷ ሳይክሏን ትታ ዘለለች፤ የቡድን መሪው «ዋይ እናቴ!» እያለ ታፔላውን አልፎ ሄደ። ታፔላው ግን አብሮት ሄደ። ከሁሉም መጨረሻ ራምዚ መጣ። አንድ እግሩን የፊት ጎማው ላይ ጭኖ፣ ሰንደል ጫማው እየጨሰ፣ በፊቷ እልፍ አለና ከመንገዱ ወጥቶ የሰው እንሰት ውስጥ ገባ።

ስትደርስ በጀርባው ተኝቶ ቅጠሎቹን ያያል። ጉልበቱ ይደማል፤ ግራ ጫማው የለም።

«ፍሬንህ የት ሄደ?»

«ተበላሸ።»

«ራምዚ! ውሸት የምጽፈው እኔ ነኝ። በኔ ሙያ አትግባብኝ።»

ራምዚ ለእንሰቱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «ቁልቁለት መሆኑ ትናንት ነው የታሰበኝ። ደህና ፍሬን ያለኝ አንድ ሳይክል ላይ ነው። ለአሥራ ሁለት ሰው አይበቃ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ነገ ለሸምሶ ስትታጪ እንዳታነክሺ› ብዬ?»

ሩፋይዳ መሳቅ ጀምራ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ሻርፗን ፈትታ ጉልበቱን አሰረችለት፤ ከሚገባው በላይ አጥብቃ።

«ሦስት ዓመት አንድ ቃል አልወጣህም። አሁን በል።»

«እንሰት ውስጥ ተኝቼ?»

«እንሰት ውስጥ ተኝተህ።»

ራምዚ በክርኑ ተነሣ። «ቅዳሜ ሪፖርት ልትሰበስቢ ስትመጪ እኔ ከሰኞ ጀምሬ ነው የምጠብቅሽ። ሐሙስ ላይ ሥራ አይገባኝም። ወላሂ፣ ዓርብ ዓርብ ደህና ሳይክል ሁላ አበላሽቻለሁ።»

ጋሽ ሽባባው እያለከለኩ ደረሱ። «ልጆች! ማን ሞተ?»

«ማንም» አለች ሩፋይዳ ዓይኗን እየጠረገች። «ጋሽ ሽባባው፣ ሽማግሌ ተልከው ያውቃሉ?»

አንዱን ሲያዩ፣ ሌላዋን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «ሦስት ጊዜ። ሁለቱ ተፋተዋል።»

«ይበቃናል። መግሪብ ሳይደርስ እንሂድ።»

ራምዚ አባት የለውም። ሲመለሱ ኢሱዙው ወደ መስቃን መንገድ ጠምዝዞ አጎቱን ሸረፋን ከበርበሬ ማሳው ላይ፣ መኮትኮቻውን እንደያዘ ጫነው። መግሪብ ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሦስት ሽማግሌዎች፦ አንድ አለቃ፣ አንድ ሾፌርና አንድ ገበሬ፣ አቧራ ለብሰው የጋሽ ሀያቱን ደጅ መቱ። ራምዚ ከኢሱዙው አጠገብ ቀረ።

ሩፋይዳ ከመጋረጃው ጀርባ እግሯን ትመታለች።

ጋሽ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ፣ በአሁኑ ሰዓት አበረታች ውጤት እያስመዘገበ የሚገኝ...»

«አቶ ሽባባው» አሉ ጋሽ ሀያቱ፣ «ይሄን በሬዲዮ እሰማዋለሁ። ልጁ ምን አለው?»

አለቃው ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ገበሬውን፣ ገበሬው መኮትኮቻውን አየ።

ልጅት ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ ወግ ነው። መጋረጃው ግን ተገለጠ። ሩፋይዳ የመጀመሪያውን እውነተኛ ሪፖርቷን ልታቀርብ ወጣች።

«ምንም የለውም፣ አባ። አሥራ ሁለት አሮጌ ሳይክል አለው። አሥራ አንዱ ፍሬን የላቸውም። የአሥራ ሁለተኛውን ፈትቶ እኔ የምነዳው ላይ ገጠመው።»

ጋሽ ሀያቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱስ? በምን ወረደ?»

«በጫማው።»

በበሩ በኩል ወደ ውጭ አዩ። ራምዚ በአንድ ጫማ ቆሟል፤ ጉልበቱ ላይ ጠዋት ከዚህ ቤት የወጣ ሻርፕ ታስሯል። ጋሽ ሀያቱ ሻርፑን አወቁት። መነጽራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም» አሉ በመጨረሻ። «የዛሬ ሳምንት ተመለሱ። ልጁንም ግባ በሉት፤ ደጄ ላይ በአንድ ጫማ አይቁምብኝ።»

ከዚያም ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቁጥሩን አራቅ አድርገው እያዩ አዲስ አበባ ላለው የሸምሶ ሽማግሌ ደወሉ።

«ሄሎ፣ ወንድሜ... አልሐምዱሊላህ። ስማኝማ፣ ነገ በመንገድ አትድከሙ። አይ፣ ሰላም ነን። ልጅቷ አስባበታለች።»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሩፋይዳ ቀኑን ሙሉ ስትመታው የዋለችው እግሯ መቼ እንደቆመ አላወቀችም።