የተዘቀዘቀው ነዶ

ሸጋው ሞቶ የተገኘው ከሽንፋ ወዲህ ባለው እርሻ፣ ሂላ ሥር ነው፤ ሂላ የሚሉት ታጭዶ እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆመውን የሰሊጥ ነዶ ነው። ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመትቷል። ገዳዩ ነዶውን መልሶ ከላዩ አቁሞበታል።

እማማ አገኘሽ ወሬውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አነሱ። የልጅ ልጃቸው ማህደር፣ አስተማሪዋ፣ ትናንት ገበያ መሐል ሸጋውን «ቤታችንን አስበላኸኝ!» ስትለው አገር ሰምቷል። ፖሊስ ሲጠራት «እሷን ሊይዙብኝ ነው» እያሉ እርሻው ድረስ ተከተሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ እርሻ ያለማ ሰው ለአምስት ዓመት ግብር ይቀርለታል። ሸጋው ሰዎችን እያግባባ የዚህ እርሻ ባለድርሻ አደረጋቸው፤ ከየቦታው የተገዛ ሰሊጥ «እኛው ያመረትነው» እየተባለ ከግብር አመለጠ። ሲደረስበት ቅጣቱ በፈረመው ሁሉ ላይ ወረደ። ሸጋውም «ሐሳቡን ማን እንዳመጣው ነገ ግብር ቢሮ ሄጄ እናገራለሁ» ባለ ማግስት ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር አየሁሽ ከሬሳው ይልቅ መሬቱን አየች። ከነዶው ሥር በፈሰሰ ሰሊጥ ነጭ ሆኗል።

«ማህደር፣ ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«ከእኔ ጋር ናት!» አሉ እማማ አገኘሽ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ እማማ። አንተስ ኢሳ?»

«ወላሂ ትራክተር ስጠግን ነበር» አለ ሾፌሩ። «እኔንም ኢንቬስተር ብለው ቀጡኝ እኮ! ኢንቬስተር በዚህ ጫማ?» የተቀደደ ጫማውን አነሳላት። «ማንበብ የማልችለውን ነው የፈረምኩት። ያወቀውም ያላወቀውም እኩል ይቀጣ?»

ሌላው ባለድርሻ፣ የጎንደሩ ነጋዴ ወንድዬ፣ ተቆጣ። «እኔ አራት ዓመት በገዛ እጄ ያረስኩ ሰው ነኝ፤ ለግብሩም ይህንኑ ፈርሜያለሁ። በገዛ አዝመራዬ ሬሳ እደብቃለሁ?»

«እንግዲያው አንዳንድ ነዶ አቁሙልኝ» አለች አየሁሽ ሦስቱንም ሰብስባ። «እርስዎ ይጀምሩ።»

ወንድዬ ነዶውን አንስቶ ፍሬ ያለበትን ሰፊ ወገን መሬት አስያዘው። ሰሊጡ ሹሹ እያለ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ! ኧረ!» ኢሳ ዘሎ ገለበጠው። ማህደር የራሷን ሳታይ እንኳ ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

«አያችሁ?» አለች አየሁሽ። «የደረቀ ሰሊጥ ጫፉ ክፍት ነው፤ ከተዘቀዘቀ ይረግፋል። ሬሳውን የሸፈነው ነዶም ተዘቅዝቆ ነው የቆመው። እዚህ አጨዳ ላይ ያደገ ሰው ቢደነግጥም እጁ እንዲያ አያደርግም። አራት ዓመት አረስኩ ያሉት እርስዎ ግን ሰሊጥ አቁመው አያውቁም። ገበሬነትዎ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ይህን የሚመሰክርብዎ ደግሞ ሸጋው ነበር።»

«ሁሉን በእኔ ሊያላክክ ነበር!» አለ ወንድዬ። ካለው በኋላ ነው የደነገጠው።

ሲወስዱት እማማ አገኘሽ እጃቸውን ዘረጉ። «ተመስገን! ቅጣቱም ቀረ በይኛ፣ ልጄ።»

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ እማማ። ቢሮው የሚጠይቃትን ግን ልጠይቃት። ማህደር፣ ስትፈርሚ ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ‹ሰው ሁሉ ያደርገዋል› ተባልኩ።»

«ማን አለሽ?»

ማህደር አቀረቀረች። እማማ አገኘሽ በፈረመችበት ቀን እራት ላይ ብዕሩን ያቀበሏት ራሳቸው እንደነበሩ ትዝ አላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ደመወዟ አይበቃትም ብዬ... እሷን አትጻፊያት።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ከሥሩ የእኔንም ጨምሪበት» አሉና ማህደርን በክንዷ ያዟት። «ነገ ቢሮ አብረን ነው የምንገባው።»