በአርባ ሰባት ላይ የቀረው ምልክት

ልጅ ስትስል ብርድ ብቻ ይሁን ሌላ የከፋ ነገር፣ የቤት ሰው በምን ያውቃል? ማንስ መልስ አለው?

ታላቁ ጦርነት ባበቃበት፣ ወረርሽኙ ግን ገና ከቤት ወደ ቤት በሚዞርበት ክረምት፣ የቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ሊቀ ቀማሪ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ጋር አንድ ትልቅ ቁጥር ይመረምር ነበር፤ 24,641,489ን። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ከሌለ ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ይህን ለማረጋገጥ ስድስት መቶ ስድሳ ሦስት ታናናሽ ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ መሞከር ግድ ነበር። ልጅቱ ታካፍላለች፤ ቀሪውን በመዝገቡ ትጽፋለች፤ አባት ተካፍሎ ማለቁን የሚያሳይ ምልክት በጎኑ ያደርጋል።

«አባዬ፣ ይኼ ቁጥር ቁርጥ አንተን! ግትር!»

«አፍሽን ትተሽ እጅሽን አሠሪ። ብቸኛ ከሆነ በሊቃውንቱ ጉባኤ ፊት በስምሽ አስጠራዋለሁ።»

አሥራ አምስተኛው አካፋይ አርባ ሰባት ነበር፤ እርሱ ላይ ሲደርሱ ልጅቱን ሳል ይዞ አላስጨርስ አላት።

«ኧረ ተዋት!» አለች አያቷ ከጓዳ። «ደረቷ ሲያፏጭ አይሰማህም?»

አባት ደነገጠ። «ተኚ ልጄ፤ ይህን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ፣ ቦታው እንዳይጠፋው በአርባ ሰባት ጎን ምልክቱን ከማካፈሉ አስቀድሞ አደረገ።

በአምስተኛው ቀን ቀበሯት። የቀሩትን ስድስት መቶ አርባ ስምንት ብቻውን አካፈለ፤ ሁሉም ቀሪ አላቸው። ወደ አርባ ሰባት ግን አልተመለሰም፤ ምልክት ነበረበታ።

ጉባኤው በሚሰበሰብበት ዕለት ጠዋት፣ እሱ ካባውን ሲደርብ፣ እናቱ የልጅ ልጇን የእጅ ጽሑፍ ለማየት መዝገቡን ገለጠች። እሷም በልጅነቷ ማካፈል እስኪያስተምሯት ድረስ ትምህርት ቤት ውላለች። በአርባ ሰባት አንጻር ምልክት አለ፤ ቀሪ የለም። በፖስታ ጀርባ አካፈለችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። ብትነግረው ልቡ ይሰበራል፤ ብትደብቀው በሊቃውንት ፊት፣ በልጁ ስም ይዋረዳል።

«ልጄ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በል።»

«ረፈደብኝ እኮ እናቴ።»

«አርባ ሰባት ያካፍለዋል። 524,287 ጊዜ፤ ቀሪ የለውም።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«ምነው በተሳሳትኩ! ሦስቴ አካፈልኩት።»

ፖስታውን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ።

ታሪክ የዚያን ክረምት ሙታን በሚሊዮን ቆጥሮ አስቀምጧል፤ የጉባኤው መዝገብም «ሊቀ ቀማሪው አልተገኙም» ብሎ አልፏል። አንድ አባት ለልጁ ሳል ራርቶ ያደረጋትን ያችን ትንሽ ምልክት የጻፈ የለም።

«ቁርስ እንኳ ቅመስ... ብርዱን ተመልከተው» አለች እናቱ።

እሱ ፖስታውን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ፤ ካባውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረ፤ የልጅቱን የአንገት ልብስ ከመስቀያው አንሥቶ፣ በሩን ከፍቶ ወደ መቃብሯ ወጣ።