ባል እስከ በሩ ድረስ

ለተከበረው ሕዝብ በታላቅ ትሕትና የምናሳውቀው ጉዳይ አለ፦ ሰኞ ጠዋት አንድ ጎሚስታ ለታመመች ሚስቱ ሾርባ በፔርሙስ ይዞ የሆስፒታል በር ላይ ደረሰ። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ዘበኛው ብቻ "ምኗ ነህ?" አለው።

"ባሏ።"

"ማስረጃ?"

ጎሚስታው እጁን አየ። ግራሶ እንጂ ማስረጃ አልነበረበትም። እሱና ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የተጋቡት በጉባኤ ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም ነው፤ እጅ ለእጅ ያያያዟቸውም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መንግሥት አልተጠራም፤ እሱም ቀረብኝ አላለም። ኋላ ግን ጋብቻ የሚጸናው በመዝጋቢው ማህተም ነው የሚል ሕግ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኗም ሥራ የቀለለላት ይመስል፣ ማህተም ለሌለው ትዳር ላትመሰክር ወሰነች።

ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። "የጠናባቸው ክፍል የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው። ያጋባችሁ ሰው መጥቶ በቃሉ ይመስክርልህ፤ አስገባሃለሁ" አለው።

ጎሚስታው ሽማግሌው ቤት ሮጠ።

"አባባ፣ ይድረሱልኝ! እየደከመች ነው። አንድ ቃል ብቻ።"

"ልጄ፣ ተመዝገብ ስንልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። የቄሳርን ለቄሳር ተብሏል።"

"ሳንቲሙ ላይ የቄሳር መልክ ስላለ ነው እኮ፣ አባባ። ሚስቴ ላይ ያለው የማን መልክ ነው?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕግ ካልጠበቀው ትዳር ሁሉ ይፈርሳል።"

"የእኔን ማን አፈረሰው? እኛ እንደሆን አልተጣላንም። ቃል ያስገቡንም እርስዎ፣ የካዱንም እርስዎ።"

"እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ ሲሰበሰብ እናየዋለን።"

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሴትዮዋ ዐረፈች። ነርሷ እንዳለችው እስከ መጨረሻው ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ሾርባው ከበሩ ወዲህ ማዶ ቀዝቅዟል።

ወገኖቼ፣ መንግሥት የራሱ ሥራ አለው፤ ሌባ ይያዝ፣ መንገድ ይጠግን። ቃል ኪዳንን ግን እሱ አልሰጠንም፤ ሊነሳንም አይገባውም። ከነጣቂው ይልቅ የሚያሳዝነው፣ አደራውን በገዛ እጁ አስረክቦ "ተገላገልኩ" የሚለው ነው።

በቀብሩ ዕለት ጎሚስታው ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆመ። ወደፊት ና ያለው አልነበረም። ሽማግሌው ጸሎቱን አደረሱ፤ ሳጥኑ ወረደ። ቆፋሪው አካፋውን አንስቶ "አፈሩን ማን ይጀምር?" አለ።

የኮሚቴው አባላት ጫማ ጫማቸውን አዩ።

ሽማግሌው ከጸሎቱ በኋላም እንደጨፈኑ ነበሩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ባሏ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?" አሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቆለት ነበር።