በአራት ፈንታ ሦስት

«ሦስት ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ» አለ ፎርማኑ እንደገና።

«አራት ነው ያልኩት፣ ጋሼ። አራትን አጥፍቼ፣ አራት ጠፍቷል ብዬ በሬዲዮ ነገርኩት» አለች ኦፕሬተሯ።

ፖሊስ ኢንስፔክተሩ በኤሌክትሪክ ጣቢያው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ማንን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል።

ጠዋት የፎርማኑ የእህት ልጅ አራተኛውን መስመር ሊጠግን ወጣ። ሬሳው የወረደው ከሦስተኛው ምሰሶ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኃይል ነበረው።

የሬዲዮውን ንግግር የሚቀዳ መሣሪያ የለም። የፎርማኑ ቃል ከጸና ኦፕሬተሯን የሚጠብቃት እስር ነው። ቤቷ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት።

ኢንስፔክተሩ የሥራ ማዘዣውን አየ፤ አራት ይላል። ኮምፒውተሩን አየ፤ የጠፋው አራት ነው። ታዲያ ልጁን ሦስት ላይ ምን አወጣው? ነገሩ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ሆነ። ልጁ ሞት ፈልጎ እንደሆነም ጠየቀ። ለከሰዓት ኳስ ማልያውን ከሥር ለብሶ ነው የመጣው አሉት።

ወደ ግቢው ወጡ። ከየምሰሶው ሥር የመስመሩ ሳጥን አለ። የሚወጣ ሰው ማንም መልሶ ኃይል እንዳይለቅበት ሳጥኑን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል። የልጁ ጓጉንቸር በሦስተኛው ሳጥን ላይ ተንጠልጥሏል።

«ክፈቱልኝ።»

«አይቻልም» አለች ኦፕሬተሯ። «ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። አብሮት ሄዷል።»

ከጓጉንቸሩ ጋር ካርድ ታስሯል። ኢንስፔክተሩ ገልብጦ አነበበው። በልጁ እጅ «መስመር 4፣ ሰው አለበት» ተብሎ ተጽፏል። ከካርዱ በላይ፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ የሳጥኑ ሰሌዳ 3 ይላል።

«ይሄን የት ሆናችሁ ነው የምትጽፉት?»

«እዚሁ ቆመን። ከሰሌዳው እያየን።»

ልጁ ተደናግሮ ይሆናል አለ ፎርማኑ።

«ቅድም እሷ ነበረች ያሳሳተችው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየዞረ አየ። የሁሉም ሰሌዳ ብሎን ግራጫ ቀለም ጠጥቷል። የሦስትና የአራት ብቻ ቀለሙ ተሰንጥቆ ብረቱ ያበራል።

«ካቻቢቴዎን ያሳዩኝ፣ አባት።»

ጫፉ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ነበር።

ፎርማኑ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። ባለፈው ወር ሳጥኖቹ ሲቀቡ ሰሌዳዎቹን ነቅሎ የመለሰው፣ ብሎኖቹንም የቀባው እሱ ነው፤ የሦስትንና የአራትን አቀያይሯቸው ኖሯል። ያወቀው ትናንት ነው። ጡረታው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በስተርጅና መዋረድ ፈራ። እሑድ ሰው ሳይኖር ሊያስተካክላቸው አሰበ። ዛሬ ግን እሱ ሳይደርስ ሥራው ከዋናው ቢሮ በስልክ ታዘዘ። ልጁ ሰሌዳውን አምኖ፣ ኃይል መፈተሻ ዘንጉን መኪና ውስጥ ትቶ ወጣ። ሰዉ ቃሬዛውን ተከትሎ ሲሮጥ ፎርማኑ ሰሌዳዎቹን መልሶ ቀያየረ።

«ካርዱን ለምን አልቀደዱትም?»

ፎርማኑ ጥያቄው እንግዳ ሆነበት።

«የሰው ካርድ እኮ አይነካም» አለ።

ሠራተኞቹ ፎርማኑን ከበቡት። አንዱ ውሃ አመጣ፤ ሌላው ትከሻውን ያዘው። ኢንስፔክተሩ ቃሉን ይጽፋል። ኦፕሬተሯ ሬዲዮውን ለተረኛው አስረከበች፤ ቦርሳዋን አንግታ ጠጠሩን አቋርጣ በትልቁ በር ወጣች።